ሽማግሌ የሰጠኝ ማዕረግ

ወንድ ልጅ የሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት እማራለሁ ሲል አበሻ ምን እንደሚል አሳምሬ አውቃለሁ። ሞግዚት ለመሆን ደግሞ ዲግሪ ያስፈልጋል እንዴ ይላል። በአፉ ካላለው በዓይኑ ይለዋል። ስለዚህ እኔ ሸዋንግዛው፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላኝ ሰውዬ፣ የሎስ አንጀለስ አበሻ በሚሰበሰብበት ፌርፋክስ ላይ ሰው ምን እየተማርክ ነው ሲለኝ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ትምህርት ጥሩ ነው» ብዬ አልፋለሁ። ጥያቄው ሌላ፣ መልሱ ሌላ። ደግነቱ እግዚአብሔር ሲጠራ ማንም ብዙ አይመረምርም።

የገባሁበት እንደ ቀልድ ነው። ዌስትቼስተር፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል የእንግዶች ማመላለሻ ሻትል ድራይቭ እያደረግኩ ኮሌጅ ልመዘገብ ስሄድ ከሥራ ሰዓቴ ጋር የሚገጥመው ክላስ እሱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያው ቀን ሥራችን አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ውሃ ከኩባያ ወደ ኩባያ ስትገለብጥ ቁጭ ብሎ ማየት ነበር። አትርዷት፣ አትገምቱ፣ ያያችሁትን ብቻ ያዙ ተባልን። ሳቄ መጣ። ለዚህ ነው ይሄን ሁሉ የምከፍለው አልኩ። ከዚያ ልጅቷ የትልቁን ኩባያ ውሃ ትንሹ ላይ ገልብጣ ሲፈስባት ቆም አለች። ኩባያዎቹን እያፈራረቀች አየቻቸው። እኔ ልሙት፣ ሐሳቡ ግንባሯ ላይ ሲመላለስ ይታያል። ከዚያን ቀን ወዲያ ሌላ ነገር መማር አላማረኝም። አሁን ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ከክላሳችን ወንድ እኔ ብቻ ነኝ፤ ልምምድ የምሠራበት የሕፃናት መዋያ ደግሞ ልጆቹ ሚስተር ሸዋ ይሉኛል።

ፍቅረኛዬ ሐሌታ ይህን ሁሉ ታውቃለች። የተዋወቅን ሰሞን ነው የነገርኳት። ሚስተር ሸዋ የሚለውን ስትሰማ ዕንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና አንድ ቀን መጥቼ ልይህ አለች። መጣችም። እዚህ ተወልዳ ስላደገች ሞግዚት ምናምን የሚለው ነገር አይገባትም። ላገባት የቆረጥኩት ያኔ ነው።

አባቷ ጋሼ ፍቅረማርያም ግን የድሮ ሰው ናቸው። ወጣት ሆነው ለትምህርት መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ጡረታ የወጡ ኢንጂነር። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ቶራንስ ባለው ትልቅ ቤታቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። ልጄን የሚፈልግ ሽማግሌ ይላክ አሉ። ሶ፣ ሽማግሌ ላክሁ። የሽማግሌዎቹ መሪ ጋሼ ሀይለገብርኤል ነበሩ። ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመምና የባህል ልብስ ሱቅ አላቸው፤ እኔም የምኖረው ከሱቁ በላይ ባለችው ክፍላቸው ነው። ከመጣሁ ጀምሮ እንደ አባት የያዙኝ ሰው ናቸው። አንድ ቄስና ሌላ አዛውንት አስከትለው ሄዱ። እኔ በወጉ መሠረት የለሁበትም፤ ሽማግሌ ስለ ልጁ ሲናገር ልጁ አጠገቡ አይቀመጥም። ሐሌታም ያን ቀን አባቷ ቤት ብትሆንም ከጓዳ አልወጣችም።

ጋሼ ሀይለገብርኤል ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። ለካ ጋሼ ፍቅረማርያም ልጁ ምን ይማራል ብለው ሲጠይቁ፣ የኔ መሪ ሽማግሌ የሕፃናት ሐኪም ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው ብለው አርፈውታል። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ጋሼ ምን ነካዎት፣ እኔ የምማረው ሌላ ነው ስላቸው ቅንጣት አልደነገጡም። ሽማግሌ ልጁን እንዳለ አያቀርብም፣ ትንሽ ከፍ ያደርገዋል፣ ወጉ ነው አሉኝ። ፓርኪንግ የሚሠራውን የፓርኪንግ ማናጀር ብለናል፣ አንድ ታክሲ የነበረውን የትራንስፖርት ባለንብረት ብለናል፣ የማንም ትዳር አልፈረሰም አሉ። ያንተማ ምን አላት፣ ያው ሕፃናት ናቸው። ደግሞ አባ መርቀውበታል ብለው ነገሩን ዘጉት። አባ የመረቁበትን ነገር አፍርሼ የት ልገባ ነው?

ከዚያ ወዲያ ጉድ ፈላ። በሚቀጥለው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስገባ ስሜ ተቀይሮ ጠበቀኝ። ዶክተር እንዴት አደርክ፣ ዶክተር ይቺ ሽፍታ ምንድን ናት፣ ዶክተር ልጄ እህል አልበላ አለኝ። ሐኪማችሁ ጋ ውሰዱት ስል፣ አንተ እያለህልን ይላሉ። ሲያስጨንቁኝ ውሃ በብዛት ይጠጣ ማለት ጀመርኩ። ውሃ ማንንም አይጎዳም። የዚያ ሰሞን የሎስ አንጀለስን አበሻ ሕፃን በሙሉ በውሃ አጥለቅልቄዋለሁ።

ሲያወሩት ያስቃል፤ ለኖረበት ግን አያስቅም። ልምምድ ስሠራ ልጆቹን ገመድ አስይዘን በእግር እናወጣቸዋለን። የአበሻ ፊት ያለበት መኪና ባለፈ ቁጥር ዛፍ ኋላ እሸጎጣለሁ። አንድ ቀን አንዷ ልጅ ሚስተር ሸዋ ድብብቆሽ እየተጫወትን ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝና አዎ አልኳት። አስቡት፣ በሕይወቴ ደስ ብሎኝ የምሠራው ብቸኛው ሥራ ነው፤ እሱን እንደ ሌባ ተደብቄ እሠራዋለሁ። ሌላው ቀርቶ ክፍሌ ስገባ እንኳ ትንፋሽ ያጥረኝ ነበር፤ ከታች ጋሼ ሀይለገብርኤል ለደንበኞቻቸው ዶክተራችን ላይ ነው ያለው፣ እያጠና ነው ሲሉ ይሰማኛል።

ሐሌታ ነገሩን የሰማች ቀን ሳቀች። እያደር ግን ሳቋ ቆመ። አባቷ አገር ቤት ላሉ ወንድሞቻቸው ሁሉ ደውለው ነግረዋል። ቀለበቱ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተነጋግረን ነበር፤ ጥምቀት ሊደርስ አካባቢ መኪና ውስጥ ቁጭ አድርጋ ቁርጡን ነገረችኝ።

«ውሸት ላይ ቀለበት አላደርግም። ከዚያ በፊት ራስህ ትነግረዋለህ፤ ካልነገርከው የለሁበትም» አለች።

አንቺ ብትነግሪያቸውስ ስላት፣ እኔ ከነገርኩት አንተ ዋሸኸው ማለት ነው፣ አንተ ከነገርከው ግን ሌላ ሰው ዋሸልህ ማለት ነው አለችኝ። ልክ ናት። ሌላው ሰው ደግሞ ክፍል የሰጡኝ፣ ለእኔ ብለው የምላሳቸውን ክብር ያስያዙ ሽማግሌ ናቸው። እውነቱን ብናገር ጋሼ ሀይለገብርኤል በዕድሜ እኩዮቻቸው ፊት ይዋረዳሉ። ዝም ብል ሐሌታ ትሄዳለች። እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ሐሌታን ከማጣ ጋሼ ይቀየሙኝ አልኩና ቆረጥኩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ፍቅረማርያምን ለብቻቸው የምነግርዎት አለኝ አልኳቸው፤ እሺ፣ አዳራሹ ውስጥ ጠብቀኝ አሉኝ።

አዳራሹ ውስጥ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ለጥምቀት መዝሙር ያጠናሉ፤ ከበሮው ይመታል። እኔ ጥግ ይዤ የምለውን በልቤ እደግማለሁ። አንዲት በዕድሜ እኩያዬ የምትሆን ሴት መጥታ ፊቴ ቆመች። ፅጌ እባላለሁ አለች፤ የኤርፖርት ሆቴል ሠራተኛ ናት፤ ካገር ቤት ልጇን ይዛ ከመጣች ዓመት አልሞላትም። እኔን የመሰለውን ጎረምሳ አንቱ እያለች ስታናግረኝ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ልጇ ኢዛና ሁለት ዓመት ተኩል አልፎታል፤ አፉን አልፈታም። የሚውልበት ዴይ ኬር ያለችው አስተማሪ ጆሮውን አስመርምሪው ብላ ወጥራ ይዛታለች። ፅጌ አልሄደችም። ፈረንጆቹ ልጄ ላይ ስም ሊለጥፉበት ነው አለችኝ። ይሰማል፣ እልኸኛ ስለሆነ ነው እንጂ ይሰማል፤ ይኸው ከበሮ ሲመታ ይጨፍር የለም?

እውነትም ይጨፍራል። ከበሮው አጠገብ ቆሞ ይወዛወዛል። እኔ ግን ያየሁትን ብቻ መያዝ ለምዶብኛል። ኢዛና አንድ መዳፉን ከበሮው ላይ ለጥፏል። መቺው ከበሮውን አንስቶ ራቅ ሲል ልጁ ጭፈራውን አቆመ፤ ድምፁ ግን አዳራሹን እንደሞላው ነው። ሄጄ ከኋላው ተቀመጥኩ። በስሙ ጠራሁት። ዝም። ቁልፎቼን ጆሮው ሥር አንቀጫቀጭኳቸው። ዝም። ዞሬ ፊት ለፊቱ ስቀመጥ ፈገግ አለና ዓይኑን አፌ ላይ ተከለ። ዓይኔን አይደለም፣ አፌን ነው የሚያየው። አንጀቴን በላው።

እናቱ አጠገባችን ቆማ እጇን ታፍተለትላለች።

«ምንም የለበትም ይበሉኝና ልረፍ፣ ዶክተር» አለች።

እኔ ሐኪም አይደለሁም የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ቀን ልናገረው ነበር የሄድኩትም። ግን ፊቷን አየሁ። የምትፈልገው ላለመሄድ ምክንያት ነው። ሐኪም አይደለሁም ካልኳት እፎይ ብላ ልጇን አቅፋ ትሄዳለች፤ አስተማሪዋን አልሰማች፣ ሌላ ተማሪ ነኝ ባይ ልትሰማ ነው? ልጁ ደግሞ ቋንቋ የሚገባበት ዕድሜው እያለፈ ነው፤ ክላስ ውስጥ ስንት ቀን የተነጋገርንበት ነገር ነው። እስከዚያን ቀን ሰው ዶክተር ሲለኝ ዝም እላለሁ እንጂ በራሴ አፍ ነኝ ብዬ አላውቅም።

ነገ ጠዋት ደውለሽ የጆሮ ሐኪም አፖይንትመንት ያዢለት፣ ልጅሽ የሚሰማ አይመስለኝም አልኳት። እኔ አልመረምረውም፣ ከኔ የሚሻል ሐኪም ያስፈልገዋል አልኳት። ዕንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ክንዴን ያዘች።

«እንደ ሐኪም ነው የሚነግሩኝ?»

«እንደ ሐኪም ነው የምነግርሽ» አልኩ።

ትከሻዬ ላይ እጅ አረፈ። ዞር ስል ጋሼ ፍቅረማርያም ናቸው፤ ሁሉንም ሰምተዋል፤ ዓይናቸው ረጥቧል። ልትነግረኝ የፈለግከው ምንድን ነበር ልጄ አሉኝ። ምን ልበላቸው? እዚያች ሴት ፊት? ሰላም ልልዎት ነው አልኩና ጉንጫቸውን ስሜ ወጣሁ።

ሐሌታ በጣም ተቆጣች። የሆነውን ሁሉ ስነግራት ግን ቁጣዋ በረደ። ፅጌ ልጁን እስክታስመረምር ድረስ እንድቆይ ተስማማን፤ ለጋሼ ፍቅረማርያም የተነገረ ነገር ደግሞ በማግስቱ ፌርፋክስ ላይ ይደርሳል፣ ፅጌ ሰምታ ሳታስመረምረው ብትቀርስ? ሶ፣ ቆየሁ። ምርመራው ተደረገ፤ ልጁ በሁለቱም ጆሮው ምንም ያህል አይሰማም ተባለ። ማዳመጫ መሣሪያው እስኪሰጠው እንቆይ አልን። ጾሙ ገባ። ሁዳዴን ሙሉ ፅጌ ባገኘችው ሰው ፊት ስታመሰግነኝ ከረመች፤ እኔ ውሃ ይጠጣ ማለቱን እንኳ ተውኩት፤ ማንም ሲጠይቀኝ ራሴን እየነቀነቅኩ አልፋለሁ። ልምምዴ ላይ ፕሮፌሰሯ ምን ሆነሃል፣ ከልጆቹ ጋር ሆነህ ሐሳብህ ሌላ ቦታ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። ድሮ እዚያ ምንጣፍ ላይ ስቀመጥ ሌላው ሁሉ ይጠፋልኝ ነበር። አሁን ምንጣፉ ላይም ዶክተር ነኝ።

ፋሲካ አለፈ። በዳግም ትንሣኤ እሑድ የቀለበቱን ቀን ለመቁረጥ ቶራንስ፣ ጋሼ ፍቅረማርያም ቤት ምሳ ተጠራን። አባ አሉ፣ ጋሼ ሀይለገብርኤል አሉ። ሐሌታ ኮሪደሩ ላይ ይዛኝ ዛሬ ነው ሸዌ፣ ከዚህ ወዲያ የለም አለች። እሺ አልኩ። ከምሳ በኋላ ከወንበሬ ልነሳ ስል በሩ ተንኳኳ።

ፅጌ ናት። ጋሼ ሀይለገብርኤል ናቸው ለካ ነይ ያሏት። በአንድ እጇ ድፎ ዳቦ፣ በሌላው ኢዛናን ይዛለች። ጆሮዎቹ ላይ ሰማያዊ ሰማያዊ መሣሪያ ተሰክቷል። ዳቦውን አስቀምጣ እጄን ልትስም ስትታገለኝ፣ እኔም ላለማሳም ስታገላት ቆየን። ከዚያ ታሪኩን አንድ በአንድ ተረከችላቸው። ሦስት ወር ብዘገይ ልጄ ምን ይሆን ነበር አለች። በዚህ መሀል ጋሼ ሀይለገብርኤል እስቲ ይስማ ብለው ከልጁ ኋላ አጨበጨቡ። ኢዛና ዞረ። አባ አማተቡ። የቤቱ ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ እኔም አለቀስኩ፤ ደስ የማይለው የለም።

በዚያው ዕንባዬ ብድግ አልኩ። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም።

«ጋሼ፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም» አልኩ። «ሐኪም ልሆንም አይደለም። የምማረው ሕፃናት ማስተማር ነው። ስመረቅ መዋለ ሕፃናት ነው የማስተምረው።»

ጋሼ ፍቅረማርያም ለረጅም ጊዜ አዩኝ። እመኑኝ፣ ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየር ሙሉ ሳንባዬ ገባ። ከዚያ ጋሼ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉና ወደ አባ ዞሩ።

«አዩልኝ አባ? ሲመሰገን ማዕረጉን አውልቆ ያስቀምጣል» አሉ።

እውነቴን ነው ጋሼ አልኩ። የባሰ ሆነ። ጋሼ ሀይለገብርኤል ጊዜ አላባከኑም፤ ነግሬዎት አልነበር፣ ይሄ ልጅ ሲያሞግሱት አይወድም አሉ። ዓይኔን ግን አላዩም። ፅጌ ደግሞ ቀበል አድርጋ፣ ለኔም እኮ እኔ አልመረምረውም፣ ከኔ የሚሻል ሐኪም ጋ ሂጂ ነው ያሉኝ፣ ክብሩን ለሌላ ሰጡ አለች። አባ ስለ ትሕትና ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እዚያ መሀል ቆሜ አይደለሁም፣ አይደለሁም ስል እያንዳንዱ አይደለሁም አንድ ደረጃ ከፍ ያደርገኛል።

አንድ ሰው ብቻ ቀረኝ። ሐሌታን አየኋት። አንድ ቃል ይበቃል፤ እውነቱን ነው፣ ዳዲ ብትል አለቀ። አፏን ከፈተች። ከዚያ አባቷን አየች። ሰውየው መሐረባቸውን በእጃቸው ጨብጠው እንደ ልጅ ይስቃሉ። እናቷ ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም ትለኝ የነበረችው ራሷ ናት።

«እሱ ሁሌም እንዲሁ ነው፣ ዳዲ» አለች። «ራሱን ዝቅ ማድረግ ይወዳል።»

አላየችኝም። ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ኪችን ገባች። ፅጌ ዕልል አለች፤ ኢዛና ደንግጦ ሁለት ጆሮውን ያዘና አለቀሰ፤ እነሱም ሰማ፣ ሰማ እያሉ ሳቁበት። አባ የቀለበቱን ቀን ቆረጡ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ከኪችን የውሃ ድምፅ ይመጣል፤ ሐሌታ ዕቃ እያጠበች ነው፤ እዚያ ሄጄ ምን እንደምላት አላውቅም ነበር።

ጋሼ ፍቅረማርያም ወንበራቸውን ወደኔ ሳቡ። አሁንማ ቤተሰብ ነን፣ አላፍርህም አሉና የሱሪያቸውን እግር ወደ ላይ ጠቀለሉ። ይቺ ጉልበቴ ደረጃ ስወጣ አላስኬድ ብላኛለች፣ እስቲ ተመልከታት አሉኝ። የኔ እኮ ሕፃናት ነው አልኩ። ጉልበት ያው ጉልበት ነው ብለው ሳቁ፤ ሁሉም ሳቁ፤ ሁሉም ወደኔ እያዩ ይጠብቃሉ።

ተንበረከክሁ። ጉልበታቸውን በሁለት እጄ ይዤ ጫን አደረግኩት።

«እዚህ ጋ ያምዎታል?» አልኩ።